የሶልያና ወተት፣ ከቆላ ድባ እስከ ሹም አቦ

ሰኞ ጠዋት፣ ሹም አቦ

ባሕር ዳር ገና ሳይሞቃት ከሹም አቦው ቤታችን ወጣሁ። በአንዱ ትከሻዬ የልብስ ቦርሳዬን፣ በሌላው የጡት ወተት ማለቢያዬን አንግቻለሁ። በእጄ ደግሞ ዓሣ ነጋዴዎች የሚይዙት ዓይነት ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ይዣለሁ። የሰፈራችን ባለሱቅ ሳጥኑን አየና "ዓሣ ጀመርሽ እንዴ?" አለኝ። "የለም፣ ወተት ነው" አልሁት። የላም መስሎት "በርቺ፣ ጥሩ ሥራ ነው" ብሎ ወደ ዕቃው ተመለሰ።

ጉዞው የመሥሪያ ቤት ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በጣና ምሥራቅና ሰሜን ዳር ባሉ ቀበሌዎች ከብት የሚከትብ ቡድን ይዤ፣ ከወረታ ተነስቼ በይፋግ በኩል ቆላ ድባ ድረስ ሄጄ ቅዳሜ መመለስ አለብኝ። ቡድን ስመራ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከወሊድ ፈቃድ ከተመለስሁም ብዙ አልቆየሁም። አለቃዬ "ሌላ ሰው ልመድብ ወይስ ትችያለሽ?" ብሎ ሲጠይቀኝ አፉን ሳይዘጋ "እችላለሁ" አልሁት። እንዴት እንደምችል ያሰብሁት ከቢሮው ከወጣሁ በኋላ ነው።

ልጄ ሶልያና አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ስድስት ወር እስኪሞላት ድረስ ከእኔ ወተት በቀር ምንም ነገር ወደ አፏ እንዳይገባ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ግትር ነኝ፤ ባለቤቴ ይርጋም ይህን ሳያውቅ አላገባኝም። ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት ልጅቱ ጠግባ ስትተኛ የተረፈውን እያለብሁ በትንንሽ ጠርሙስ ሞላሁ፤ በየጠርሙሱ ላይ ቀኑን ጽፌ ከአሮጌው እንዲጀምሩ በፍሪዘሩ ውስጥ በተራ ደረደርሁት። እሳት ላይ እንዳይጣድ፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ እንዲሞቅ ለይርጋ ደጋግሜ ከመንገሬ የተነሳ ሰውዬው በእንቅልፉም ሳይናገረው አይቀርም። ያ ወተት እስከ ሐሙስ ያደርሳል። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያለውን ግን ከመንገድ እያለብሁ መላክ አለብኝ።

ካልሆነልኝስ? ከፍሪጁ ራስ ላይ ይርጋ ለክፉ ቀን ብሎ የገዛው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተቀምጧል። ገና አልተከፈተም። በዱቄት ወተት ያደጉ ልጆች አውቃለሁ፣ ምንም አልሆኑም፤ እኔ ግን ያንን ቆርቆሮ እንደ ተቀናቃኜ ነው የማየው። ከቤት ስወጣ መጨረሻ ያየሁትም እሱን ነው።

ሶልያናን የሚጠብቁልኝ አማቴ እማማ ደብሬ ናቸው። ደምብያ ተወልደው ከከብት መሐል ያደጉ፣ ልጆቻቸውን ሁሉ በጡታቸው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ማለቢያዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ቀን ድምፁን ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና "ማለብ እንኳ ለከብት ነበር" ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማለቢያው አንስተው አያውቁም። ዛሬ በር ላይ ግን ልጄን ከእጄ ተቀብለው ግንባሬን ሳሙኝና "መንገድ ላይ ፀሐይ እንዳይመታሽ" አሉኝ። እንደ ማንኛውም የመሸኛ ቃል ቆጥሬ "አሜን" አልሁ። ምን ማለታቸው እንደነበር የገባኝ በማግሥቱ ነው።

ወረታ

የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ሐሙሲት ላይ ፍርፍር በላን። ሹፌራችን ጋሽ አስረስ፣ ሁለቱ ከታቢዎችና እኔ በአንድ ትሪ ቀረብን፤ ግማሹን የጨረስሁት እኔ ነኝ። ጋሽ አስረስ አላለፉኝም፤ "ቡድን መሪዋ በሥራም በትሪም ትመራለች" አሉ። የሚያጠባ ሰው ርሀቡ ሌላ መሆኑን ነገርኋቸውና የሳቸውንም ጠርዝ ጨረስሁላቸው።

ከሐሙሲት ወዲያ ሜዳው ተከፈተ። የሩዝ አጨዳ ጊዜ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰዎች በረድፍ ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ፤ የታጨደው በየማሳው ተከምሯል። ወረታ ሳንደርስ ጡቴ መሙላት ጀመረ። መኪናውን ዛፍ ሥር አቆምንና ወንዶቹ ወርደው ጀርባቸውን ሰጡኝ። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ ማለቢያውን አስነሳሁ። ማሽኑ ይጮኻል፤ ወተት የለም። ጡቴ ድንጋይ ሆኗል፣ ያመኛል፣ አንዲት ጠብታ ግን አልወርድ አለች። "መጀመሪያው ቀን ላይ ነጠፍሁ ማለት ነው?" ብዬ ደነገጥሁ። ባዶውን ጠርሙስ ሸሽጌ ጉዞ ቀጠልን። ጋሽ አስረስ ግን ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ሬዲዮውን ዘጉት።

ከሰዓት በኋላ ከወረታ ወጣ ባለ ቀበሌ ከብት ስንከትብ አንዲት ሴት ላሟን ልታልብ ብትቀርብ ላሟ ከለከለች። የፎገራ ላም ናት፣ ትልቅ፣ ግቷ የተወጠረ። ጥጃዋን ለክትባት ከአጥሩ ወዲያ አስቀርተንባት ነበር። "ጥጃዋን ስጧት እንጂ፤ ሳታየው እንዴት ታወርዳለች?" ብዬ ከሩቅ ተናገርሁ። ጥጃው መጣ፣ ላሟ አሸተተችው፣ ላሰችው፣ ወተቱ ወረደ። እኔም ክትባቱን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን ነገር ለገበሬ ሳስተምር ኖሬ ለራሴ ሲሆን ረስቼዋለሁ።

ወደ መኪናው ሄጄ በቦርሳዬ ውስጥ የሶልያናን ነገር ፈለግሁ። ከልብሶቼ መሐል አንዲት ትንሽ ቢጫ ሸሚዟ ተገኘች። ያልታጠበች፣ አንገቷ ላይ የተገሳ ወተት የደረቀባት። ሳላስበው አብራ የገባች መሰለኝ። ሸሚዟን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንሁ። ማሽኑን ገና ሳላስነሳ ወተቱ ጀመረ።

የያዝነው አልጋ ቤት ፍሪጅ የለውም። ማታ ወተቴን በሳጥኑ ይዤ ሳፈላልግ ከመናኸሪያው አጠገብ ለስላሳና ቀዝቃዛ ውኃ የሚሸጡ ወይዘሮ ዘሃራ የሚባሉ ሴት ሱቅ አገኘሁ። በሻሽ የተጠቀለሉ፣ ቆጠብ ያሉ ሴት ናቸው። ከሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሲያዩ ወዲያው ገባቸው። የፍሪዘሩን አንድ ጥግ ባዶ አደረጉና ከመሳቢያ ቀይ ክር አውጥተው በየጠርሙሱ አንገት ያስሩ ጀመር።

"ክሩ ለምንድን ነው?" አልኋቸው።

"የሰው ወተት ነው ልጄ፤ ከሌላ ጋር መቀላቀል የለበትም። በእኛ ዘንድ ካንድ ጡት የጠጡ ልጆች ወንድምና እኅት ናቸው፣ ቀልድ የለውም። እዚህ ቤት የልጅ ልጆቼ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ልጅሽ ሳታውቀው ወረታ ላይ ወንድም እንዳይበዛባት ብዬ ነው።"

ሳቅን። ጠዋት እሳቸው ባቀዘቀዙት በረዶ ሳጥኑን ሞልተው፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽገው፣ ለሚያውቁት የባሕር ዳር ሚኒባስ ሹፌር በእጁ ሰጡት። ባለሳጥኗ እኔ ሆኜ ሳለሁ ማስጠንቀቂያውን የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ ሹፌሩ መንገድ ላይ ሰው ሊጭን ቢቆም እንኳ ሳጥኑን ከእግሩ ሥር እንዳያነሳ፣ ባዶውንም ከነጠርሙሱና ከነክሩ ወዳለሁበት በሚመጣ መኪና እንዲመልስልኝ።

ማክሰኞ፣ እዚያው

ቀኑን ሙሉ ሠራን። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሥራው ግን ተቃንቷል፤ ጡቴም ከሸሚዟ ጋር ተስማምቷል። ወደ ማታ ኮራ ብዬ ለይርጋ ደወልሁ።

"ወተቱ ደረሰ?"

"ደርሷል" ብሎ ስለ ፀሐዩ ይጠይቀኝ ጀመር። ይርጋ ወሬ ከቀየረ ነገር አለ።

"ምን ሆነ?"

"እናቴ አፈሰሰችው። እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ፤ ስመጣ ጠርሙሶቹ ታጥበው ተደፍተዋል። ግቢያችን ያለው ሎሚ ሥር ነው ያፈሰሰችው።"

እማማ ደብሬን እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ድምፄን ዝቅ ለማድረግ ታገልሁ።

"እማማ፣ ወተቱ ምን ሆኖ ነው የፈሰሰው?"

"ፀሐይ የመታው ነዋ ልጄ። ከመንገድ የገባች እናት የመጀመሪያውን ለመሬት ሳትሰጥ ታጠባለች እንዴ?"

"ፀሐይ እኮ አልነካውም፤ በበረዶ ነው የመጣው።"

"እንግዲያማ ብርድም መትቶታል" አሉ በእርጋታ።

ነገሩ እንግዳ አልነበረም። በአገራችን ከማሳ ወይም ከገበያ በፀሐይ የተመለሰች እናት ጡቷን ታጥባ፣ የመጀመሪያውን ወተት መሬት ላይ አፍስሳ ነው ልጇን የምታቅፈው። እናቴም ታደርገው ነበር። ሐኪም ቤት የሚነግሩን ሌላ ነው፤ ፀሐይ የጡትን ወተት አያበላሽም፣ የሚፈሰውም ደኅና ወተት ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ባሕር ዳር ያለው ጠርሙስ ያለው በእሳቸው እጅ እንጂ በእኔ እውቀት አይደለም። የነገውን ወተትም ቢያፈሱት ሐሙስ ያ ቆርቆሮ ይከፈታል።

ስልኩን ዘግቼ ከወይዘሮ ዘሃራ ሱቅ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ተናደድሁ፤ ከዚያም አለቀስሁ። በየዛፉ ሥር ነጠላ ተከናንቤ ያለብሁት ወተት ለሎሚ ዛፍ መሆኑ ከነከነኝ። ወይዘሮ ዘሃራ ውኃ አምጥተው አጠገቤ ቆሙና እስክጨርስ ጠበቁ። ከዚያ "ገበሬው ከብቴን አላስከትብም ሲል እንዲህ ነው የምታደርጊው?" አሉኝ።

ጥያቄያቸው አስቆመኝ። እንዲህ አላደርግማ። ከብቱን አላስከትብም ካለ ገበሬ ጋር አልከራከርም። የፈራውን እጠይቀዋለሁ፤ ላሟ ወተት እንዳትቀንስበት ከሆነ ከታለበች በኋላ እከትብለታለሁ። ይህን የማደርገው እኔ ነኝ፣ በዚህም የሚያህለኝ የለም እያልሁ እኩራራለሁ። ፊቴን ታጥቤ መልሼ ደወልሁ።

"እማማ፣ የመንገድ ወተት ደኅና የሚሆነው ምን ምን ቢደረግ ነው?"

"ደግመሽ ጠይቂኝ" አሉ። እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ጥላ ይሁን፣ የዛፍ ሳይሆን የቤት ጥላ። ላብሽ እስኪደርቅ ተቀመጪ። በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ። የመጀመሪያውን መሬት ይውሰድ። "ደግሞም" አሉ፣ "የሚያይ ሰው ይኑር። ወልዳ ያሳደገች ሴት።"

"ምስክር ማለትዎ ነው?"

"አዎ። አንቺማ ቸኩለሻል።"

እሺ አልሁ። መታጠቡም ማረፉም ለሥራዬ አይከፋም፤ መሬት የሚወስደውም ጥቂት ጠብታ ነው። ለጥቂት ጠብታ ብዬ ሙሉ ጠርሙስ አላጣም።

ረቡዕ፣ ይፋግ

ይፋግ ስንገባ ገበያተኛው በሩዝና በእህል ጆንያ መንገዱን ሞልቶታል። ከብቱን የምንከትብበት ሜዳ ከአንድ መሪጌታ ቤት አጠገብ ነው። ከቤቱ ጎን የቅኔ ተማሪዎች ድምፅ ይሰማል። ባለቤታቸው እማማ የሺ የራሳቸውን በሬዎች ይዘው መጡና ክትባቱ እስኪያልቅ አንገታቸውን እያሻሹ አባበሏቸው። ፊታቸውን ሳይ "ምስክሬን አገኘሁ" አልሁ በልቤ።

ነገሩን ስነግራቸው አልሳቁም። "አማትሽ ልክ ናቸው" አሉና እጄን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝ። የጠፍር አልጋ ላይ አስቀመጡኝ፣ በሩን ዘጉት፣ ከጋን ውኃ ቀድተው ሰጡኝ። ላቤ ደርቆ ልነሳ ስል "ገና ነው" ብለው መለሱኝ። እንደገና ልነሳ ስል እንደገና መለሱኝ። ውጭ ከታቢዎቹ ይጠብቁኛል፤ እኔ የቡድኑ መሪ እንደ ልጅ ተቀመጪ ተብዬ ተቀምጫለሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን በእጄ ጨምቄ በጓዳው አፈር ላይ አፈሰስሁ። ማለቢያውን ሳስነሳ እማማ የሺ ቀረብ ብለው አዩትና "ይህ ነገር ጥጃ ነው ማለት ነው" አሉ።

ጠርሙሶቹ ሲሞሉ ደወልሁና ስልኩን ሰጠኋቸው። ድምፁን ከፍ ስላደረግሁት የሁለቱንም እሰማለሁ።

"ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ። ይፋግ መሪጌታ ቤት ነኝ።"

"እግዜር ይመስገን። በጥላ ነው?"

"በጥላ ነው። በሩንም ዘግቼዋለሁ።"

"ላቧ ደርቋል?"

"ደርቋል። ሁለት ጊዜ ልትነሳ ብላ መልሻታለሁ።"

"እሷ እኮ ናት። የመጀመሪያውስ?"

"መሬት ወስዶታል። በዓይኔ አይቻለሁ። ወተቷም ደግ ነው፣ ወፍራም ነው። የሚያኮራ ምራት ነው ያለዎት።"

እማማ ደብሬ "እንግዲያው ይምጣ" አሉ። ከዚያ ሁለቱ ስለ ደምብያ ዘመዶቻቸው ጨዋታ ያዙ፤ ካርዴ እስኪያልቅ ያወሩ ነበር። እኔ ወጥቼ ሥራዬን ቀጠልሁ።

ሳጥኑን ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ ላክሁና ለወይዘሮ ዘሃራ ደወልሁ፤ ወረታ ላይ በረዶውን እንዲቀይሩልኝ። "መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም" አሉኝ። ሌላ ሱቅ ልጠይቃቸው ስል ቀደሙኝ። "ግን አትስጊ፤ ፍሪዘሩን ዛሬ አልከፈትሁትም። ቀዝቃዛ የጠየቀኝን ሁሉ ሙቅ ነው ያለኝ እያልሁ መልሻለሁ። በረዶሽ እንደ ድንጋይ ነው።" በዚያ ሙቀት፣ በገበያ ቀን፣ ደንበኛ ሲመልሱ ውለው ነው። ሚኒባሱ ሲደርስ ራሳቸው መናኸሪያ ወርደው በረዶውን እንደቀየሩ ሹፌሩ ቆይቶ ነገረኝ።

አመሻሹ ላይ ከቡድኑ ጋር ሽሮ ቀርቦልን ነበር። አልበላ አለኝ። ስልኬን ከትሪው አጠገብ አስቀምጬ አየዋለሁ። ጋሽ አስረስ "ዛሬ ትሪው መሪ አጥቷል" አሉ፤ ማንም አልሳቀም፣ ሁሉም ነገሩን ያውቁታል። ከዚያ ስልኩ በራ። ፎቶ ነው። ሶልያና ዓይኗን ከድና፣ ጉንጯን ሞልታ ትጠጣለች። ቀይ ክር ያለበትን ጠርሙስ የያዘው እጅ የእማማ ደብሬ ነው፤ በቀለበታቸው አወቅሁት።

ስልኩን ለጋሽ አስረስ ሰጠሁ፣ እሳቸው ለከታቢዎቹ ሰጡ፤ ምግብ ቤቱን ዞሮ ተመለሰ። የማላውቃት አስተናጋጅ ሳትቀር "ታድላ" አለች። በሕይወቴ ዲግሪ ተቀብያለሁ፣ ባሕር ዳር ላይ ቤት ሠርቻለሁ። እንደዚያ ምሽት ግን ኮርቼ አላውቅም፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም።

ቆላ ድባ

በማግሥቱም ከእማማ የሺ ቤት አንድ ሳጥን ልከን፣ በማክሰኚትና በአዘዞ ዞረን ደምብያ ገባን። መሬቱ ጥቁር ነው፣ ሜዳው ዓይን እስኪደክም ይሄዳል፤ ጤፉም ሽምብራውም በየመልኩ ቆሟል። ቆላ ድባ ገበያ ላይ እህሉ በጆንያ ሳይሆን በኮረብታ የሚሸጥ ይመስላል። እዚህ የማልበው ለመላክ ይርቃል፤ ባረፍሁበት ቤት ፍሪዘር አቆይቼ ራሴ ይዤው እገባለሁ። ስለዚህ ምስክር ማቅረቡ ለወጉ ያህል ነው ብዬ ከእማማ ደብሬ ጋር ልቀልድ ደወልሁ።

"ዛሬ ደግሞ በማን ቤት ጥላ ልቀመጥ?"

"ተይው፣ ያንቺ ቃል ይበቃል" አሉ። "ይልቅ ሽምብራው ደርሷል?"

"እሸቱ ገና ነው፤ አብቧል።"

"አብቧል" ብለው ደገሙት። ከዚያ "ሸሚዟስ ጠቀመችሽ?" አሉኝ።

"የቷ ሸሚዝ?"

"ቢጫዋ ነቻ፤ ሳላጥብ ከቦርሳሽ የጨመርኋት። ላም ጥጃዋን ሳታሸት መቼ ትሰጣለች?"

ከገበያው መሐል ቆሜ ቀረሁ። አንዱ አህያ ነጂ "ከመንገድ ዞር በይ እታለም" እስኪለኝ ድረስ አልነቃሁም። ማለብ ለከብት ነው ያሉኝ ሴት፣ ወተቴን ሎሚ ሥር ያፈሰሱት ሴት፣ ከመጀመሪያዋ ጠዋት ጀምሮ እንዲወርድልኝ ሲያስቡ ነበር። እኔ እሳቸውን የማሸንፍበትን መንገድ ስፈልግ እሳቸው በቦርሳዬ ውስጥ አብረውኝ ይጓዙ ነበር።

"በጣም ጠቀመችኝ እማማ" አልኋቸው።

"እሰይ" ብለው ዘጉ። ስልክ ላይ ስንብት አያውቁም።

ለእሳቸው ጥቁር አዝሙድ ገዛሁ፤ የደምብያው ነው፣ በእጅ ሲታሽ ሽታው አዳራሽ ይሞላል። ሻጯ ለማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ "ለአማቴ፣ ያገርሽ ልጅ ናቸው" አልኋት፤ አንድ እፍኝ ጨመረችልኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዎቹን ከብቶች ከተብን። አንድ ሽማግሌ መርፌዬን እያዩ "ልጅ ጥለሽ ነው የመጣሽው አሉ" አሉኝ፤ ክስ ነበረበት። "አልጣልሁም አባቴ፤ ወተቷን በየቀኑ እልካለሁ" አልሁና ነገሩን ከሳጥኑ እስከ ቀይ ክሩ አስረዳኋቸው። ጨርሰው ከሰሙ በኋላ ልጃቸውን ጠርተው "ና ይህን ስማ፣ ለሚስትህ ትነግራለህ" አሉት። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

በመልሱ ወረታ ላይ ቆምን። ለወይዘሮ ዘሃራ የሶልያናን ፎቶ አሳየኋቸው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ክራቸውን በጣታቸው ነክተው "ማሻ አላህ" አሉ፤ ለመንገዴ የመጨረሻውን በረዶ ሞሉልኝ። ከዚያ ሐሙሲት፣ ከዚያ ድልድዩ፣ ከዚያ ሹም አቦ። ባለሱቁ ሳጥኑን አይቶ "ወተቱ ገበያ አገኘ?" አለኝ። "አንድ ደንበኛ ነው ያለኝ፣ ሁሉንም ትጨርሳለች" አልሁት። አሁንም አልገባውም።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ስለ በረዶና ስለ ጠርሙስ አይደለም፤ ያንን ቀድሞም አውቀው ነበር። ወተት አልቦ ማቆየት አንዲት እናት ብቻዋን የምትሠራው ሥራ ይመስለኝ ነበር። ከሳጥኑ ኋላ ግን ፍሪዘራቸውን ያልከፈቱ ሴት፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጪ ያሉኝ ሴት፣ ያልታጠበች ሸሚዝ የሸሸጉ ሴት ነበሩ። ሥራዬንም ልጄንም ይዤ የገባሁት በግትርነቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማክሰኞ ማታ ከድንጋዩ ላይ አልነሳም ነበር።

በሩን ስገፋ እማማ ደብሬ ሶልያናን አቅፈው ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ልጅቱ አየችኝ፣ ለአፍታ ተጠራጠረች፣ ከዚያ መላ አካሏ ወደ እኔ ዘለለ። ጡቴ ወዲያው ወረደ፤ ቀሚሴ ረጠበ። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ትዝ አለኝ። ከመንገድ ነው የገባሁት፣ ፀሐዩም ሲመታኝ ነው የዋለው። ቃሌ ቃል ነው ብዬ ሳጥኑን አስቀመጥሁና ወደ ሎሚው ሥር ዞርሁ።

"ወዴት ነው?" አሉ እማማ ደብሬ።

"የፀሐዩን ላፈስ ነዋ።"

ልጄን ይዘው መጡና መንገዱ ላይ ቆሙብኝ። "ስንት አገር ዞረሽ ያቆየሽውን?" አሉ። "ከዚህ ወዲያ አንዲት ጠብታ አትፈስም። ሎሚው ድርሻውን ወስዷል።"

ሶልያናን ደረቴ ላይ አደረጉልኝ። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ አቧራዬን ሳላራግፍ፣ ወንበር እንኳ ሳይቀርብልኝ ጠባች። እማማ ደብሬ ሰማያዊውን ሳጥን ራሳቸው አንስተው ወደ ቤት ይገቡ ጀመር። በአጥሩ በኩል ጎረቤታችን ምን እንደያዙ ስትጠይቃቸው ሲመልሱ ሰማኋቸው፤ ድምፃቸውን ለእኔም እንዲደርስ አድርገው ነው የተናገሩት።

"የልጅ ልጄ ወተት ነው። እናቷ ከቆላ ድባ ያመጣችላት።"